ዕረፍትን ለሰማይ ብቻ ማን ቀጠረው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ክርስቲያን ናቸው፤ ለአገርም ለቤተ ክርስቲያንም እንደሚቆረቆሩ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የደኸየነው ዕረፍት ስላበዛን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያመሰግነው ትጉሁን ነው። የጌታ ሥራ ዕረፍት አያውቅም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወንድም ቢያርፍ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ደከመኝ ያለ ሰው አንድ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ወርዶ ቢመለስ ይበቃዋል፤ እውነተኛው ዕረፍት በሰማይ ነው። መዝጊያቸው ላይ ደግሞ «ማረፍ የምትፈልጉ ዕረፉ፣ እኛ እንሠራለን» ይላሉ።

ብዙ ሰው «አሜን» እያለ ሲያጋራው አየሁ። ካጋሩት ውስጥ ከድካም ብዛት ፊታቸው የተለወጠ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ከበዓላት ልጀምር። ጸሐፊው ገበሬያችን በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያለ ሞፈርና ቀንበሩን ስለሚሰቅል ደኸየን ይላሉ። እኔ ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነዚህን በዓላት አላከብርም። ግን እውነቱ መነገር አለበት። መሬቱ ውኃ ጠጥቶ እርሻው ሲያስቸኩል የበዓላቱ ብዛት ጭራሽ ችግር አይሆንም አልልም፤ ካህናትና ሽማግሌዎች በየአጥቢያቸው ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ነው። የድህነቱን ምክንያት ግን ገበሬውን ራሱን ጠይቁት። ዝናቡ ሲቀርበት፣ ማሳው ለልጆች ሲከፋፈል ኖሮ ቁራሽ መሬት ሲቀር፣ የማዳበሪያው ዋጋ ሲሰቀል፣ ጥማድ በሬ ሲያጣ፣ አንዳንዱም ጋ ጦርነት መጥቶ ሰብሉን ሲያወድምበት ያየውን ይነግራችኋል። ይህን ሁሉ ዘልሎ በዓሉ ላይ ጣት መቀሰር ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞስ በበዓል ቀን ሞፈር ይሰቀላል እንጂ ሰው እኮ ተኝቶ አይውልም። የተጣላው የሚታረቀው፣ የታመመው የሚጠየቀው፣ ዝክሩ የሚዘከረው፣ ለደኻው የሚቆረሰው በዚያው ቀን ነው። ገንዘብ ያላስገባ ቀን ሁሉ የባከነ ቀን ከሆነ፣ ይህ የገበያ ሚዛን እንጂ የወንጌል ሚዛን አይደለም።

ዕረፍት የጠየቀን ሰው «ሰነፍ» ብሎ መመለስም አዲስ ነገር አይደለም። ዘፀአት ምዕራፍ 5ን አንብቡ። እስራኤላውያን ሄደን ለአምላካችን በዓል እናድርግ ሲሉ ፈርዖን ምን አለ? ሰነፎች ስለሆናችሁ ነው አለ። ጭዱን ከለከላቸው፤ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይቀንስ አዘዘ። ጸሐፊው ይህን ምዕራፍ ቢያስታውሱት ኖሮ ስለ በዓላቱ እንደዚያ አይጽፉም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እግዚአብሔር ሕዝቡን ከዚያ ካወጣ በኋላ የሰጠው ትእዛዝ ደግሞ ለዚህ ክርክር ሁሉ መሠረት ነው። ሰንበት የታዘዘበት ምክንያት ፍጥረት ብቻ አይደለም። ዘዳግም 5 አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና አስብ ይላል። ወንድ ባሪያህም ሴት ባሪያህም እንደ አንተ ይረፉ ይላል። በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለው መጻተኛ ሳይቀር። ትእዛዙ ከሁሉ በፊት የሚይዘው የሌላውን ሰው ጊዜ በእጁ የያዘውን ሰው ነው። ዕረፍት የሰነፍ ጥያቄ ሳይሆን የባርነት መጨረሻ ሆኖ ነው የተሰጠው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ አይርቅም።

እሑድን ማጥፋት ምርት ይጨምራል ለሚለው ደግሞ ዓለም ሞክሮት አይቶታል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1929 እሑድን ሰርዞ ማሽኑ ሳይቆም ሠራተኛው በየተራ እንዲያርፍ አደረገ። ሐሳቡ ፋብሪካው ሁልጊዜ እንዲሠራ ነበር፤ ሃይማኖትንም ማዳከም ነበር። ባልና ሚስት የዕረፍት ቀናቸው ተለያየ፣ ልጆች ወላጆቻቸውን በአንድነት የሚያገኙበት ቀን አጡ፤ ፋታ የማያገኘውም ማሽን መበላሸት አበዛ። በ1940 እሑድ ተመለሰች። በእንግሊዝም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ያለ እሑድ ይሠሩ ነበር። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆን ፔንካቬል የዚያን ዘመን መዝገቦች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 70 ሰዓት የሠራው ሰው 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም የበለጠ ምርት አልሰጠም። አሥራ አራቱ ተጨማሪ ሰዓታት ድካም ብቻ ሆነው ቀሩ ማለት ነው።

እዚህ አገር ደግሞ ሰንበት ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እሑድም ይከበር ብለው ተከራክረው፣ በኋላ ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለዚህ አቋም ሲሉ ለረጅም ጊዜ ተገፍተዋል። በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1450 የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ወሰነ። እነዚህ ሰዎች ለዕረፍት ቀን ሲሉ መሰደድን የመረጡ ናቸው። ስንፍናቸው ነው ብሎ የሚደፍር ካለ ታሪካቸውን አላነበበም።

ስለ ትጋት በሚነሡት በጉንዳኗና በጳውሎስ ጥቅሶች ላይ ብዙ አልዘገይም። የምሳሌ 6 ጉንዳን በበጋ ታሰናዳለች፣ በመኸር ትሰበስባለች፤ ወቅት ታውቃለች ማለት ነው። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለው ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ ለሚዞሩ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ሠርታ እሑድ ልረፍ ለምትል ነርስ የተጻፈ ቃል አይደለም። ቃሉን ለማይመለከተው ሰው መወርወር ያቆስላል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው «የጌታ ሥራ ዕረፍት የለውም» ብለው «መከሩስ ብዙ ነው፥ ሠራተኞች ግን ጥቂቶች ናቸው» የሚለውን ጠቅሰዋል። ግን የጥቅሱ ቀጣይ መስመር ምን ይላል? እንግዲህ በእጥፍ ሥሩ አይልም። የመከሩን ጌታ ሠራተኞችን እንዲልክ ለምኑት ይላል። ጌታችን የሠራተኛውን ማነስ አይቶ የመጀመሪያ ትእዛዙ ጸሎት ሆነ። መከሩ ጌታ አለው፤ እኛ አይደለንም።

ማርቆስ 6 ላይ ደግሞ ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ የሚመጣና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ይህ ዛሬ ያለው የብዙ አገልጋይ ኑሮ ነው። ኢየሱስ ምን አላቸው? ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ አላቸው። ከዚያ ሕዝቡ ቀድሞ ደረሰና ዕረፍቱ ተቋረጠ፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ መገባቸው። ይህንን አልደብቅም፤ የሰው ችግር አንዳንዴ ዕረፍታችንን ይወስደዋል፣ ይገባዋልም። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ሰደደ፣ ሕዝቡን አሰናበተ፣ ብቻውን ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ሕዝቡን አሰናበተ! ያን ቀን ገና ያልተፈወሰ በሽተኛ፣ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ አልነበረም ይሆን? ኢየሱስ ያሰናበተውን ሕዝብ እኛ አናሰናብትም ካልን ከእርሱ በላይ አገልጋይ ልንሆን ነው።

በየቤተ ክርስቲያናችን ያለውን አስቡት። ማክሰኞ የኳየር ልምምድ፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ሐሙስ የቤት ለቤት ኅብረት፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ የመሪዎች ስብሰባ፣ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ፕሮግራም፣ ከሰዓት ደግሞ ግምገማ። ኦርቶዶክስ ጓደኞቼም የጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎታቸው ከዚህ ብዙ እንደማይለይ ይነግሩኛል። ሁልጊዜ የሚጠሩት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። «ለጌታ ነው» ሲባሉ እምቢ ማለት ያቅታቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ዝም ብለው ይጠፋሉ። ስልክ አያነሱም። «ቀዘቀዘ» እንላቸዋለን። ቀዝቅዘው ሳይሆን አልቀው ነው። የጠፉ አገልጋዮችን ሳስብ እጅግ አዝናለሁ፤ ብዙዎቹን የገፋናቸው እኛ ነን፣ ማንም ደህና ነህ ወይ ሳይላቸው ፕሮግራም ብቻ ስንሰጣቸው።

ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ከክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰዳት ሲል እግዚአብሔር አልገሠጸውም። የጸሎት ፕሮግራምም አላወጣለትም። መልአክ ላከለት፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፣ መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ትልቁ ነቢይ የመጀመሪያ መድኃኒቱ እንቅልፍና ምግብ ነበር። ለሙሴም አማቱ ዮቶር ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ የምታደርገው መልካም አይደለም አለው፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ ሥራውን እንዲያካፍል መከረው። ሙሴም ሰማው። ዛሬ ለመጋቢያችን ወይ ለኳየር መሪያችን እንደ ዮቶር የሚናገር ሽማግሌ በየቤተ ክርስቲያኑ ቢኖር ስንት ትዳር በተረፈ።

«አባቴ እስከ ዛሬ ይሠራል እኔም ደግሞ እሠራለሁ» የሚለውንም ጠቅሰዋል። ጌታ ይህን ያለው 38 ዓመት የታመመን ሰው በሰንበት ስለፈወሰ ለተነሣበት ክስ ነው። በሉቃስ 13 ደግሞ 18 ዓመት የጎበጠችውን ሴት በሰንበት ቀጥ አድርጎ ከእስራቷ ልትፈታ አይገባምን ብሎ ጠየቀ። እሱ በሰንበት የሠራው ሥራ ሰውን ከሸክም ማውረድ ነው። ይህን ጥቅስ ሰው ላይ ሸክም ለመጨመር መጠቀም የተገላቢጦሽ ነው።

አራተኛው ነጥባቸው ልብ ይነካል፤ ጸሐፊው የተናገሩት ከፍቅር እንደሆነም ይገባኛል። ዋሽንግተን አካባቢ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር የሚሠራው ወንድማችን ቢያርፍ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? አዲስ አበባ ያለችው እናቱ መድኃኒት በምን ትገዛለች? ጥያቄው እውነተኛ ነው። «እምነት ካለህ ዕረፍ» ብሎ ከላይ መመለስ ጭካኔ ነው፤ አልለውም።

ግን ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ መናው የወረደበትን መንገድ እንይ። እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ዕረፉና ተራቡ አላለም። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰጠ። ዕረፍቱን ከማዘዙ በፊት የሚበላውን አዘጋጀ። ስለዚህ ዕረፍት ቀድሞ መታቀድ አለበት፤ ከሚስት ጋር፣ ከወጪ ጋር፣ ከፈረቃ ጋር። ሙሉ ቀን ካልተገኘ ግማሽ ቀን፤ እሑድ ካልሆነ ማክሰኞ። በባህረ ሰላጤው አገሮች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ዓርብ ቀን ሲያመልኩ የኖሩት የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ስለነበር ነው፤ ማንም አምልኮአቸው ጎደለ አላላቸውም። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረምና።

ሁለተኛ፣ ይህ ጥያቄ ለወንድማችን ብቻ አይደለም። ለእኛም ነው፣ አገር ቤት ላለነው። ስንደውልለት ምን እንላለን? «ደህና ነህ?» ከማለታችን የሠርግ መዋጮ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት እድሳት ይከተላል። የሚልከው ብር በየትኛው እንቅልፍ እንደተገኘ አንጠይቅም። አንዳንዱ ወጪ ግዴታ ነው፤ መድኃኒት ይገዛ፣ ኪራይ ይከፈል። ለሠርግ ድግስ ማድመቂያ ሲባል ግን አንድ ሰው ለወራት ሌሊቱን መንገድ ላይ እንዲያድር ማድረግ ኃጢአት ነው። ይህን ቃል አስቤበት ነው የምጽፈው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ በስትሮክና በልብ ሕመም ሞተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል። ሁለት ሥራ የያዘ ሰው 55 ሰዓትን የሚያልፈው ገና ሳምንቱ ሳያልቅ ነው። በውጭ አገር ለሞቱ ወጣቶች አስከሬን መመለሻ ከምናዋጣ፣ በሕይወት ሳሉ «ዘንድሮ አትላክ፣ ተኛ» ብንላቸው ምን አለ?

ስለ ቢሾፍቱው ጉዞ ደግሞ ክፉ አልናገርም። ሐይቅ ዳር መቀመጥ፣ ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ምሳ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ይበቃል በሚለው ግን አልስማማም። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሥራውን የቴሌግራም ግሩፕ በየደቂቃው የሚከፍት ሰው አካሉ ቢሾፍቱ ነው፣ ልቡ ቢሮ። ለምን መዝጋት ያቅተዋል? ብዙ ጊዜ ሥራው ስለበዛ አይመስለኝም። ይፈራል። እሱ ከሌለ ነገሩ የሚፈርስ ይመስለዋል፤ ወይም ነገሩ ሳይፈርስ ቢቀር እሱ እንደማያስፈልግ የሚታወቅበት ይመስለዋል። ሁለተኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው ይብሳል። ይህን ሐይቅ አያጥበውም።

እዚህ ላይ ነው እምነት የሚያስፈልገው። «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ፥ እኔም አሳርፋችኋለሁ» ያለው ጌታ ሥራችሁን ስትጨርሱ ኑ አላለም። ስማችሁን በሥራችሁ ካስጠራችሁ በኋላም አላለም። ማርታን በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ ሲላት ወጥ መሥራቷን አልጠላም፤ እንግዳ ተቀባይነቷ መልካም ነበር። ግን ቤቷ የመጣው እንግዳ ከመስተንግዶው በፊት የወደደው እሷን ነበር፣ እሷ ግን ያን ለመስማት ጊዜ አላገኘችም። እኔን የሚያሳርፈኝ ይህ ነው። የተወደድኩት ሥራዬ ሳይቆጠር ከሆነ፣ ስልኩን አጥፍቼ ብተኛ የሚቀነስብኝ ነገር የለም። መዝሙር 127 ከንቱ ያለው እግዚአብሔር የሌለበትን ማልዶ መነሣትና አምሽቶ መቀመጥ ነው፤ ለወዳጆቹ እንቅልፍን ይሰጣል ይላል። እንቅልፍ ስጦታ መሆኑን የሚያምን ሰው ማታ ስልኩን ያስቀምጣል። ታንኳዋ በማዕበል ስትናጥ ጌታ ራሱ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር እኮ።

«እውነተኛው ዕረፍት በሰማይ ነው» የሚለውን ግማሹን እቀበላለሁ። ሙሉው ዕረፍት ገና ይመጣል፤ ተስፋዬም እሱ ነው። ግን የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 4 ስለዚያ ዕረፍት ሲናገር «ዛሬ» እያለ ነው የሚጣራው፤ ዛሬ ድምፁን ብትሰሙ ልባችሁን አታደንድኑ ይላል። ሁሉን ወደ ሰማይ ያዘገየ ትምህርት ምድር ላይ የደከመውን ሰው ሸክም አያወርድለትም። አሠሪዎች እንዲህ ያለ ስብከት ደስ ይላቸዋል።

የመጨረሻው «እኛ እንሠራለን» ላይ ልቁም። እርስዎ ጸሐፊው ሆይ፣ «እኛ» ያሉት ማንን ነው? እርስዎ ጽሑፍዎን ሲጽፉ፣ እኔም ይህን ስጽፍ፣ በብዙዎቻችን ቤት ምግቡን የሠራች፣ ልጁን የያዘች፣ ልብሱን ያጠበች አንዲት ልጅ አለች። ከሁላችን ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁላችን ኋላ ትተኛለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ያልተቋረጡ የዕረፍት ሰዓታት ይሰጣል፤ እሷን ግን አዋጁ አይሸፍናትም። ልጆቻችን በቤሩትና በሪያድ ያለ ዕረፍት ቀን ሲሠሩ ስንሰማ እናለቅሳለን፣ ተገቢም ነው። ዘዳግም 5 ግን ሴት ባሪያህ እንደ አንተ ትረፍ ይላል፤ እንደ አንተ። በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ስለ ትጋት ከመጻፍዎ በፊት ይህችን ልጅ ጠርተው ቀንሽ የትኛው ይሁን ብለው ይጠይቋት። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ከፈለገች ትሂድ፣ ዘመድ ጋ መዋል ከፈለገች ትዋል፣ መተኛት ከፈለገች ትተኛ፤ ደመወዟም በዚያ ቀን አይቆረጥ።